ድምፅ ስለሌላት ሞተር የላትም ስለተባለችው መኪናዬ

ግልጽ ደብዳቤ ለተከበሩ የተሽከርካሪ ዓመታዊ ምርመራ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤
ባሉበት።

በራሷ ጎማ እየተሽከረከረች ወደ ግቢዎ ያስገባኋትን ጤነኛ መኪና ገድለው ሬሳዋን በገመድ አስጎትተው አስወጡልኝ። ደብዳቤዬ ከዚህ ይጀምራል፤ ሰላምታው ተከትሎ ይመጣል።

ክቡር ሆይ፣ ለመሆኑ ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? እኔ ለእርስዎ የምመኘው ከሩቅ የሚሰማ ጤና ነው። ሲተኙ ያንኮራፉ፣ ሲበሉ ማላመጥዎ ከጎረቤት ይሰማ፣ ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽዎ ከእርስዎ ቀድሞ ቢሮ ይግባ። አንድ ቀን እንኳ ለአፍታ ጸጥ ብለው እንዳይገኙ አደራ እላለሁ፤ ኮትኩተው ያሳደጓቸው ሠራተኞች ደረትዎ ላይ ጆሮአቸውን ለጥፈው «ልብ የለውም» ብለው ከጻፉ፣ የሚቀጥለው ጠረጴዛ ይገለብጠዋል፣ ከዚያ የሚቀጥለው ማኅተም ይመታበታል፣ እርስዎም እንደ ልማድዎ ሳያነቡ ይፈርሙበታል።

ማን እንደሆንኩ አያስታውሱ ይሆናል። አልቀየምም፤ እርስዎ ከባለጉዳይ የሚያዩት የያዘውን ወረቀት ስለሆነ ፊቴን ሊያውቁት አይችሉም። በቶርኖ ቤት አርባ አንድ ዓመት ብረት ስቆርጥና ስቀርጽ የኖርኩ ጡረተኛ ነኝ። ከአራተኛ ክፍል በላይ የተቀመጥኩበት ወንበር የለም። የቀረውን ያስተማሩኝ የመለዋወጫ ሳጥኖች ላይ የተጻፉ ጽሑፎች፣ ሰው ጥሏቸው የሄደ መጻሕፍትና የገዛ ስህተቴ ናቸው። ጡረታ በወጣሁ ዓመት ያገለገለች ሃይብሪድ መኪና ገዛሁ፤ መመሪያ መጽሐፏንም መዝገበ ቃላት ከጎኔ አስቀምጬ፣ በረንዳዬ ላይ ሁለት ክረምት ሙሉ አነበብኩት። ሁለት ክረምት ማለት፣ የእርስዎ መርማሪ ለዚህ ሥራ ከሠለጠነበት ጊዜ በአንድ ክረምት ከግማሽ ይበልጣል።

ለእርስዎ ባይጠቅምዎትም ይህን ለሚያነቡ ሰዎች ስል ሃይብሪድ ምን እንደሆነች ልናገር። ሁለት ጉልበት ያላት መኪና ናት፤ አንዱ ጉልበቷ እንደማንኛውም መኪና በቤንዚን የሚሠራ ሞተር ሲሆን ሌላው ከኋላ ወንበር ሥር በተቀመጠና እንዳይግል በዚያው በኩል አየር በሚስብ ትልቅ ባትሪ የሚዞር የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። ስትቆምና በዝግታ ስትሄድ የቤንዚኑ ሞተር ራሱን ያጠፋል፤ ሲያስፈልግ ደግሞ ማንም ሳያዘው ይነሳል። ዝም ማለቷ የጤንነቷ ምልክት ነው።

እኔ ለዝምታዋ ነበር የገዛኋት። ባለቤቴ በሳምንት ሦስት ቀን ኩላሊቷን ትታጠባለች። ከማሽኑ ስትነሳ ታጥቦ የተጨመቀ ጨርቅ ትመስላለች፤ የመኪና መንቀጥቀጥና የጭስ ሽታ ወዲያው ያስመልሳታል። በዚህች መኪና ግን ስድስት ዓመት ስትመላለስ አንድም ቀን አላስመለሳትም። የትራፊክ መብራት ላይ ስንቆም ዓይኗን ሳትገልጥ «አንተ ሰውዬ፣ ተኛችብህ እንዴ?» ትለኛለች፤ እኔም «አንቺ ተኚ፤ እሷ ነቅታለች» እላታለሁ። ቤታችን ከከተማው በአንዱ ጫፍ፣ ሆስፒታሉ በሌላው ጫፍ ነው። በሽታው ከያዛት ወዲህ በአንድ ጣራ ሥር ልንኖር የቻልነው በዚህች መኪና ምክንያት እንደነበር ሐኪሟም፣ ጎረቤትም፣ እኛም እናውቅ ነበር። ያላወቀው መሥሪያ ቤትዎ ብቻ ነው፤ እሱም ለማወቅ ስላልጠየቀ አይፈረድበትም።

እንግዲህ የተደረገልኝን ውለታ እንዳላዛባው በተራ ቁጥር አስቀምጬ ላመስግንዎ።

አንደኛ፦ መኪናዬን ስላራቆቱልኝ አመሰግናለሁ። ማክሰኞ ጠዋት ተራዬ ደርሶ ስገባ መርማሪዎ ገና ሰላምታዬን ሳይመልስ «በፋብሪካ ያልተገጠመ ተጨማሪ አካል» የሚል ቅጽ አውጥቶ፣ በስድስት ዓመት ውስጥ አንድ በአንድ ለክቼ፣ ቆርጬና ገጥሜ ያሟላኋትን ሁሉ ያስወልቀኝ ጀመር። ባለቤቴ ከአሮጌ መጋረጃ የሰፋችውን የወንበር ልብስ አስወለቀ። ስትገባና ስትወጣ የምትይዘውን፣ ከቀበቶዬ ቆዳ የሠራሁትን እጀታ አስወለቀ። እግሯን አሳርፋ የምትወርድበትን ተጣጣፊ መረገጫ፣ የመስኮቶቹን የዝናብ መከለያ፣ የዳሽቦርዱን ልብስ፣ በመጨረሻም የሶፍት ሳጥኗን አስወልቆ ሁሉንም ሲሚንቶው ላይ አስደረደረኝ፤ ተራ የሚጠብቁ ሰዎችም ገበያ የወጣ ዕቃ መስሏቸው ይዞሩት ጀመር። አንዷ ሴትዮ መረገጫውን አንስታ «አባባ፣ ስንት ነው?» ብላኛለች። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ከኋላ ፓራውልቱ ሥር ያሰርኳትን ትንሽ ቃጭል አገኘ። «ይህ ደግሞ ምንድን ነው? መኪና ነው ወይስ በግ?» አለ። መኪናዋ ድምፅ ስለሌላት፣ ጎረቤታችን የሆኑት ዓይነ ስውር የቀድሞ የስልክ ኦፕሬተር «ወንድሜ፣ ሳልሰማት አጠገቤ ትደርስብኛለች፤ እባክህ የምትሰማበት ነገር እሰርላት» ስላሉኝ ያሰርኳት መሆኗን አስረዳሁት። «መኪና ሲመጣ የሚሰማው በሞተሩ ነው» አለና ፈታት። ይህን ዐረፍተ ነገር እባክዎ ያስታውሱልኝ፤ ለሚቀጥለው ምስጋናዬ ያስፈልገኛል።

ሁለተኛ፦ ስለ መርማሪዎ ጆሮ አመሰግናለሁ። የሚሰማበትን ድምፅ በገዛ እጁ ከፈታ በኋላ ኮፈኑን ከፍቶ፣ የረጅም ካቻቢቴ ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ «ያስነሷት» አለኝ። «ተነስታለች» አልኩት። «አባባ፣ ያስነሷት እኮ ነው የምልዎት።» «እኔም ተነስታለች ነው የምልህ፤ አረንጓዴው መብራት በርቷል፣ ዝግጁ ነኝ እያለችህ ነው።» «የምን ተነስታለች፣ ይቺ ከሞተች ሰንብታለች!» ሲል ተራ ጠባቂው ሁሉ ሳቀ። ስለዚህ መኪናዋን ሦስት እርምጃ ወደፊት ነዳሁለት። «ቁልቁለት ስለሆነ ነው» አለ። ወደኋላ መለስኩለት፤ ያን ቁልቁለት ሽቅብ ማለት ነው። ትንሽ አሰብ አድርጎ «አባባ፣ ምርመራ ላይ ነን፣ ትርዒት አልጠራንም» አለኝ። ክቡር ሆይ፣ በአርባ አንድ ዓመት የሥራ ዘመኔ ብዙ ደንቆሮ ማሽን አይቻለሁ፤ ዓይኑ እያየ ለጆሮው ያደላ ግን የመጀመሪያዬ ነው። እንዲህ ያለ ሰው አንድ ቦታ ብቻ ተወስኖ እንዳይቀር፣ ወደ የዓይን ሕክምና ክፍል በዕድገት እንዲዛወር አጥብቄ እለምናለሁ።

ሦስተኛ፦ ስለ ጠረጴዛዎችዎ። መርማሪው ቅጹ ላይ «የሞተር ድምፅ» ከሚለው ፊት «የለም» የሚለውን አከበበ። ይህ እስከዚህ ድረስ እውነት ነው፤ አልከራከርም። የመጀመሪያው ጠረጴዛም እንዳለ ተቀበለው፤ ሁለተኛዋ ጠረጴዛ ላይ ያለችው ጸሐፊ ግን ሠንጠረዧ ጠባብ ስለሆነ «ድምፅ» የሚለውን ትታ «ሞተር፦ የለም» ብላ ገለበጠች። ሦስተኛው ከእሷ ገለበጠ፤ አራተኛው ማኅተም መታ። የመሥሪያ ቤትዎ ሥርዓት ማንም ሠራተኛ ከፊቱ ከነበረው ጠረጴዛ በቀር ወደ ሌላ እንዳይመለከት ስለሚያዝዝ፣ አራቱም ጠረጴዛዎች መስኮት ሥር ሆነው፣ መኪናዋም ከመስኮቱ ማዶ ሆና፣ አንድም ራስ ቀና አላለም። ጸሐፊዋን «ልጄ፣ እስቲ በመስኮት ተመልከቺልኝ» ብላት «አባቴ፣ የእኔ ሥራ መገልበጥ ነው፤ ማየት የታችኛው ክፍል ነው» አለችኝ።

ከዚያ ወደ እርስዎ መጣሁ። ቢሮዎን ደህና አድርጌ አስታውሰዋለሁ፤ መስተዋት የለበሰው ጠረጴዛ፣ አቧራ የጠጡት የፕላስቲክ አበቦች፣ ለባለጉዳይ የተቀመጠችውና አንድ እግሯ አጭር የሆነችው ወንበር። አጭሯ እግር በአጋጣሚ የተሠራች አልመሰለችኝም፤ ሰው ሲንገዳገድ ብዙ አይናገርም። «አባቴ፣ ወረቀቱ ምን ይላል?» አሉኝ። «ወረቀቱ ይዋሻል» አልኩዎ። «ወረቀት ምን አፍ አለውና ይዋሻል? የሚዋሽ ሰው ነው» ብለው የራስዎን ሠራተኞች በአንድ ቃል ገልጸው ፈረሙ። ሞተር የሌለው ተሽከርካሪ በራሱ ኃይል ከግቢ መውጣት ስለማይፈቀድለትም፣ ከእርስዎ ፊርማ በታች «በጎታች ይወገድ» የሚል ተጨመረበት።

አራተኛ፦ ለጎታች መኪናዎ ሹፌር ልዩ ምስጋና አለኝ። መመሪያ መጽሐፉ በቀይ መስመር ተከልሎ የሚናገረው አንድ ነገር አለ፤ እንዲህ ያለች መኪና የፊት ጎማዎቿ መሬት እየነኩ መጎተት የለባትም፤ የኤሌክትሪክ ሞተሯ ከጎማዎቹ ጋር የተያያዘ ስለሆነ፣ ጎማው በጉልበት በዞረ ቁጥር እሱም አብሮ ዞሮ ይቃጠላል። ሹፌርዎ መንጠቆውን ከፊት አስሮ አራቱንም ጎማ መሬት ላይ ሲተው፣ መጽሐፉን ገልጬ ፊቱ ዘረጋሁለት። «ልጄ፣ የፊቱን አንሳልኝ፣ ሞተሩ ይቃጠላል» ስለው የእርስዎን ፊርማ የያዘውን ወረቀት አሳየኝ። «አባባ፣ ሞተር የላትም ተብሎ ተጽፏል፤ የሌለ ነገር እንዴት ይቃጠላል?» አለኝ። በክርክር ስሸነፍ የመጀመሪያዬ ነው። ገመዱን አጠበቀና ከከተማ ውጭ እስካለው ማከማቻ ድረስ ባለ በሌለ ፍጥነት ጎተታት። እኔ የወንበሯን ልብስ ታቅፌ ከጎኑ ተቀምጬ ነበር። ግማሽ መንገድ ሳንደርስ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። «ይሸትሃል?» አልኩት። «የቆሻሻ መጣያው ነው፣ ሁልጊዜ እዚህ ጋ ይሸታል» አለኝና መስኮቱን ዘጋልኝ።

ወደ ማከማቻው ይዤው የሄድኩት የጋራዥ ባለሙያ በሦስተኛው ቀን መርምሮ ሲጨርስ እጁን በጨርቅ እየጠረገ «ምን ልበልዎ፣ ካሁን በኋላ መኪና አይበሏት፤ ቤት ናት» አለኝ። አራት በር ያላት፣ ሁለት ሰው ተቀምጦ ዝናብ የሚያሳልፍባት ቤት።

አምስተኛ፦ ቅሬታ ሰሚ ክፍልዎም ይመስገን። ሦስት ጊዜ ከጻፍኩ በኋላ ጉዳዬ በጥንቃቄ ታይቶ ዳግም ምርመራ እንዲደረግ ተወሰነልኝ፤ ለዳግም ምርመራውም ያው መርማሪ ተላከልኝ። ማከማቻው ድረስ መጥቶ፣ የተቃጠለችውን መኪና ኮፈን ከፍቶ፣ ያችኑ ካቻቢቴ ጆሮው ላይ አድርጎ ለረጅም ጊዜ አዳመጠ። ከዚያም «የቀድሞው ውጤት ትክክል መሆኑ ተረጋግጧል» ብሎ ጻፈ። እውነቱን ነው። ክቡር ሆይ፣ ሌሎች መሥሪያ ቤቶች የተሳሳተ ነገር ሲጽፉ ወይ ያርሙታል ወይ ይደብቁታል፤ የእርስዎ ግን ስህተቱን ጽፎ፣ እውነት እስኪሆን ድረስ በገመድ ጎትቶ አስተካከለው። በደብዳቤያችሁ መጨረሻ «ሞተር አስገጥመው ሲቀርቡ በደስታ እናስተናግድዎታለን» ትላላችሁ። ደስታችሁን አይቻለሁና ይቅርብኝ።

ስድስተኛ ቁጥር የለኝም። የሚከተለው ምስጋና ስላልሆነ አልቆጠርኩትም።

ባለቤቴ የመታጠቢያ ቀኗ ረቡዕ ነበር፤ መኪናዋ በተወሰደች ማግስት ማለት ነው። የሌላ ጎረቤታችንን አሮጌ ናፍጣ መኪና ለምነን ሄድን። መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ አስመለሳት፤ ስትደርስ ደም ግፊቷ ወርዶ ስለነበር ማሽኑን በግማሽ አቋረጡት። ዓርብ ዕለት በሩ ላይ ቆማ ያቺኑ መኪና አየቻትና «እዚያ ውስጥ ከምገባ እዚሁ ወንበሬ ላይ ብሞት ይሻለኛል» ብላ ቀረች። እሑድ ሳንባዋ ውሃ ቋጥሮ፣ መተንፈስ አቅቷት፣ በአምቡላንስ ተወሰደች። በሕይወት ወጣች። ስትወጣ ግን ሐኪሙ «ከዚህ በኋላ ከሩቅ መመላለሱን ይርሱት» አላት፤ ከሆስፒታሉ አጥር ጋር ግድግዳ የምትጋራው እህቷ ቤት አንድ ቦርሳ ይዛ ገባች። አርባ ስድስት ዓመት በአንድ ቤት ከኖርን በኋላ እኔ አሁን ባለቤቴን የምጠይቃት እንደ እንግዳ ነው፤ ሁለት አውቶቡስ ይዤ፣ ብርቱካን ገዝቼ፣ በር አንኳኩቼ። እህቷ «ግባ፣ ነቅታለች» ትለኛለች።

ግልጽ ደብዳቤ ብዬ ጀምሬ አንድ ነገር ብደብቅ የእርስዎን ሥራ መሥራት ይሆንብኛል፤ ስለዚህ ይህንንም ልጻፈው። ባለፈው ሳምንት አጠገቧ ተቀምጬ ብርቱካኑን ስልጥላት እንዲህ አለችኝ፤ «አንተ ሰውዬ፣ ፔዳሉን በተራ እየረገጡ የቤንዚኑን ሞተር የሚያስጮሁበት ዘዴ ነበር፣ አይደል? በረንዳው ላይ ሆነህ ከመጽሐፉ ያነበብክልኝ፤ ለምርመራ ጊዜ የሚሆን።» «አለ» አልኳት። «ያን ቀን ታውቀው ነበር?» «አውቀው ነበር።» «ታዲያ ምነው?» እኔም ያን ቀን በልቤ ያሰብኩትን ነገርኳት፤ ተነስታ የቆመችን መኪና ዓይኑን ማመን ላቃተው ሰው ጆሮ ብዬ በከንቱ አላስጮህም። «እሺ» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ብርቱካኑን አልበላችውም።

ይህን ሲያነቡ ፈገግ እንዳይሉ፤ የእኔ እግር ሳይረግጥ መቅረቱ የእርስዎን እጅ ከመፈረም አላገደውም። ምርመራው ሊጠይቅ የሚገባው ሞተር አለ ወይ ብሎ ነው፤ ሞተር ነበረ። ነገ ያቺ መኪና ድና፣ ያው መርማሪ፣ ያው ግቢ፣ ያው ቁልቁለት ላይ ቢያቆመኝ ያኔም አልረግጥም። ይህን ለባለቤቴ ጀርባ ነግሬዋለሁ፤ ለእርስዎም እነግርዎታለሁ።

የምጠይቅዎ ነገር የለም። ወረቀቱ ይታረም አልልም፤ አሁን ልክ ነው። መኪናዋን ይተኩልኝ አልልም፤ የሚተካት ዕቃ ከእርስዎ እጅ ከመጣ ባለቤቴን አላስቀምጥባትም። ይቅርታ ለመጠየቅ ካሰቡም እባክዎ አይድከሙ፤ አራት ጠረጴዛ አልፎ እኔ ዘንድ ሲደርስ ምን እንደሚሆን መገመት አያቅተኝም።

ለክቡርነትዎ፣ ለመስተዋት ጠረጴዛዎ፣ ለአቧራማ አበቦችዎና ሳያዩ ለሚገለብጡት ታማኞችዎ ሁሉ ረጅም ዕድሜ፣ ይህን ያህል በትጋት ለሠሩትም ሥራ ተመጣጣኝ ዋጋ እየተመኘሁ፣ ከቁመቴ የማያንስ ንቀቴን በታላቅ አክብሮት አቀርባለሁ።

ሞተር የላትም የተባለችው መኪና ባለቤት፣
የቶርኖ ጡረተኛው።

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ባለፈው ወር መሥሪያ ቤቱ አዲስ ሃይብሪድ መኪና እንደሰጠዎ በዓይኔ አየሁ። እንኳን ደስ አለዎ። የኋላ ወንበሩንም ከላይ እስከ ታች፣ ከጎን እስከ ጎን፣ አንዲት ቀዳዳ ሳይተው በሚሸፍን ወፍራም ባለ ጸጉር ልብስ አስለብሰውታል፤ ውበቱን ማንም አይክድም። መመሪያ መጽሐፉ እንዲህ ያለ ልብስ ኋላ ወንበር ላይ ስለማልበስ የሚናገረው ስድስት መስመር አለ፤ እኔ በቃሌ አውቀዋለሁ፣ እርስዎ ግን መጽሐፉን ከነላስቲኩ መሳቢያ ውስጥ እንዳስቀመጡት የአዲሷ መኪናዎ ሹፌር ነግሮኛል። ሙቀቱ እየበረታ ነው፤ ስድስቱን መስመሮች ልነግርዎ እችል ነበር። አልነግርዎትም። ስለዚያች መኪና፣ ስለዚያች ማክሰኞ፣ ስለ መሥሪያ ቤትዎም የምናገረው እዚህ ላይ አበቃ። ጋዜጠኛ ቢመጣ በሩን አልከፍትም፣ ፍርድ ቤት ቢጠራኝ ቆሜ ዝም እላለሁ፤ ባለቤቴም ፊቷን ከግድግዳው መልሳ ደግማ ብትጠይቀኝ፣ ብርቱካኗን ልጬ እሰጣታለሁ እንጂ አንዲት ቃል አልመልስላትም።